ሙሌቱ እስኪጠነክር ስንት ሰዓት? እና ሌሎች የጥርስ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። ባለፈው ሳምንት መንጋጋዬን አስሞላሁ፣ ብርማውን። «እስከ ነገ በዚህ በኩል እንዳታኝኪ» ተባልኩ። እህቴ ደግሞ ፒያሳ ነጩን አስሞልታ፣ በሰማያዊ መብራት አበሩበትና ያንኑ ቀን መብላት ትችያለሽ አሏት። ርካሹን ነው እንዴ የሞሉልኝ?

መልስ፦ ርካሽ ሊሆን ይችላል እህቴ፣ ደካማ ግን አይደለም። መንጋጋ ላይ ብዙ ጊዜ ከነጩ በላይ ይቆያል። ያንቺ አማልጋም ይባላል። ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፣ ሌላው በዋናነት የብር፣ የቆርቆሮና የመዳብ ዱቄት። እንደተደባለቀ ለጥቂት ደቂቃ ለስላሳ ነው፣ ሐኪሙ ጠቅጥቆ የሚቀርጸው ያኔ ነው። ከወንበሩ ስትነሺ ድንጋይ የሆነ ይመስልሻል፤ ውስጡ ግን ሜርኩሪው ከብሩና ከቆርቆሮው ጋር ገና አዲስ ክሪስታል እየሠራ ነው፣ ጉልበቱ እስኪሞላም አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል።

ይህ በግምት የተባለ አይደለም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ውፍረቱ 4፣ ቁመቱ 8 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ዘንግ ሠርተው በ37 ዲግሪ፣ ማለትም በሰውነት ሙቀት ያስቀምጡታል። አንዱን 1 ሰዓት ሲሞላው፣ ሌላውን በ24 ሰዓቱ ማሽን ውስጥ ጨምቀው ይሰብሩታል። መዳብ ያነሰበት የድሮው ዓይነት በ1 ሰዓቱ የመጨረሻ ጉልበቱን ግማሽ እንኳ አይደርስም። መዳብ የበዛበት ቶሎ ይጠነክራል፣ ግን የትኛው እንደተሞላልሽ በምን ታውቂያለሽ? ለአንድ ቀን ቆሎውን በሌላው በኩል ቆርጥሚ።

የእህትሽ ኮምፖዚት ነው። ሰማያዊው መብራት ውስጡ ያለውን ካምፎርኪኖን የሚባል ንጥረ ነገር ይቀሰቅስና ሙሌቱ በ20 ወይም በ40 ሰከንድ ይጠነክራል። መብራቱ ግን ጠልቆ አይገባም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሚሊሜትር እየሞሉ፣ እያበሩ፣ እንደገና እየሞሉ ነው የሚሠራው (4 ሚሊሜትር የሚፈቀድላቸው አዳዲሶችም አሉ)። ጥልቁን ጉድጓድ በአንዴ ሞልቶ አንዴ አብርቶ የሚሸኝ ካለ፣ ላዩ ጠንክሮ ሥሩ ለስላሳ የቀረ ሙሌት ነው ይዛ የምትወጣው። እኔ ከአማልጋሙ መዘግየት ይልቅ ይኼን ነው የምፈራው። ደግሞ ማደንዘዣው ሳይለቃት ከበላች የምትነክሰው ጉንጯን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት ሳይሞላላት በፊት ትናገር። የሚናማታ ስምምነት (ሜርኩሪን ለመቆጣጠር የተደረገ ዓለም አቀፍ ውል) አባል አገሮች በ2022 እ.ኤ.አ. አማልጋም ለእነዚህ ሴቶችና ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዲከለከል ወይም እንዳይመከር ተስማምተዋል።

ጥያቄ፦ ማራኪ አካባቢ የጥርስ ቴክኒሻን ሥራ እየለመድኩ ነው። የምሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ ድዱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ እያወጣ አስቸገረኝ። ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ የምከተው የፈላ ውሃ ውስጥ ነው።

መልስ፦ መልሱን ራስህ ጻፍከው፣ «ቶሎ እንዲያልቅ»። አክሪሊኩ፣ ማለትም ድዱ የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ሲጠነክር ራሱም ሙቀት ያመነጫል። ድንገት የፈላ ውሃ ውስጥ ስትከተው ሁለቱ ሙቀት ይደራረብና ዱቄቱ የተቦካበት ፈሳሽ፣ ማለትም ሞኖመሩ፣ ውስጡ ይፈላል፤ አረፋው እዚያው ታስሮ ይቀራል። ቀዳዳው ወፍራሙ ቦታ ላይ ከበዛ ምክንያቱ ይኼ ነው። ሁሉም ቦታ ከተበተነ ግን ስትጭነው ግፊቱ አንሶታል ማለት ነው።

«ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሞኖመር ደግሞ በ100» ብለህ እንዳትከራከረኝ። ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፣ ከፍታው የሞኖመሩንም መፍያ ያወርደዋል። በ74 ዲግሪ 8 ሰዓት ያህል አቆየው፤ ካልሆነም 2 ሰዓት በ74 ካቆየኸው በኋላ 1 ሰዓት አፍላው። ቴርሞሜትር ግዛ እባክህ፣ በጣት አይለካም። ሲያልቅም ቀዝቃዛ ውሃ አትድፋበት፣ ይጣመማል።

ጥያቄ፦ የጥርስ ልክ ተወስዶልኝ በማግስቱ «እንደገና ና» አሉኝ። ብር ፈልገው ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። ልክ የሚወሰድበት አልጂኔት ከባህር አረም የሚገኝ ነው፣ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። እንዲሁ ከተቀመጠ ደርቆ ይኮማተራል፣ ውሃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ያብጣል። የጥርስህን ቅርጽ የሚይዘው ጀሶ በደቂቃዎች ውስጥ ልኩ ላይ መፍሰስ ነበረበት። ሰው በዛ፣ ጀሶ አለቀ፣ ተረሳ፤ ያደረ ልክ ላይ ተሠርቶ አፍህ ውስጥ ከሚወዛወዝ ጥርስ እንደገና መሄዱ ይሻላል። ሁለተኛውን ግን አልከፍልም በላቸው።