ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን መጨረሻ ላይ ቀይረው

ወንድሜ፣ ላፕቶፕህ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ፤ እና በዊንዶውስ ቦታ የሚገባውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስን ልጫን ወይ፣ ከጫንኩስ የወርድና የኤክሴል ፋይሎቼ ምን ይሆናሉ፣ ፎቶሾፕስ ብለህ ነው የጠየቅከው። እኔ ከተሻገርኩ ቆየሁ፣ ሥራዬም ሁሉ እዚያው ነው። ሂድ እላለሁ። ግን ከሥር፣ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አትጀምር።

ብዙ ሰው ቅዳሜ ማታ ሁሉን አጥፍቶ ሊኑክስ ይጭናል። ሰኞ ጠዋት ከቢሮ የተላከለት ኤክሴል እንደለመደው አልሠራ ይለዋል፣ ማክሰኞ ወደ ዊንዶውስ ተመልሶ «ሊኑክስ አይረባም» ይላል። ሊኑክሱ ምን አደረገው? ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ልልመድ ማለቱ ነው የጣለው።

ስለዚህ አሁን ባለህበት ዊንዶውስ ላይ ሊብሬኦፊስ (በወርድና በኤክሴል ቦታ)፣ ፋየርፎክስ (ለኢንተርኔት)፣ ቪኤልሲ (ለቪዲዮ) እና ጊምፕ (ለፎቶ) ጫን። ሁሉም ነፃ ናቸው፣ ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም አንድ ዓይነት ናቸው። ለተወሰኑ ሳምንታት በነሱ ብቻ ሥራ። የሚያስቸግርህ ነገር ካለ እዚያው ይታይሃል፣ የድሮው ፕሮግራምህም አጠገብህ ነው። አትጣደፍ፤ ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የደህንነት አፕዴቱን እስከ ኦክቶበር 2026 የሚያራዝም ምዝገባ አለው።

መጀመሪያ የሚያናድድህ ፎንት፣ ማለትም የፊደሉ ቅርጽ ነው። ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ልክ ሁለት ገጽ የነበረው ደብዳቤህ ሊኑክስ ላይ ስትከፍተው ሁለት መስመር ወደ ሦስተኛ ገጽ ይወርድበታል፣ ሠንጠረዡም ይንሻፈፋል። ሰው ፕሮግራሙን ይረግማል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ካሊብሪ ወይም ካምብሪያ የሚባሉት የማይክሮሶፍት ፎንቶች ኮምፒውተሩ ላይ አለመኖራቸው ነው። ካርሊቶና ካላዲያ የሚባሉ ነፃ ፎንቶች አሉ፣ የፊደሎቻቸው ስፋት ከነዚያ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርገው የተሠሩ። ካርሊቶ በካሊብሪ ቦታ፣ ካላዲያ በካምብሪያ ቦታ ይገባል። እነሱን ጫንና ፋይሉን እንደገና ክፈተው፣ አብዛኛው ነገር ቦታው ይመለሳል። ሰው እንዲያነበው ብቻ የምትልከውን ደግሞ ፒዲኤፍ አድርገው፣ ንትርክ የለም።

ኤክሴል ላይ ቀመርና ቻርት ብዙም አያስቸግርም። ማክሮ፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው ሥራን በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው ጉዱ። ቀላሉ ሊሠራልህ ይችላል፣ ረጅም ማክሮ ያለበት የሂሳብ ፋይል ግን ላይሠራ ይችላል፣ ቁጭ ብለህ ሞክረው።

ፎቶሾፕን በተመለከተ አልሸነግልህም። አዶቢ ለሊኑክስ የሚሆን አልሠራም። ፎቶ መቁረጥ፣ ቀለም ማስተካከል፣ ጀርባ ማጥፋት ከሆነ ጊምፕ ይበቃሃል፣ መሣሪያዎቹ የተቀመጡበትን እስክትለምድ ብቻ ትበሳጫለህ። እንጀራህ ፎቶሾፕ ከሆነና ደንበኛ ፋይሉን ከነሌየሩ (ተደራርበው ከተሠሩት ንጣፎች ጋር) የሚቀበልህ ከሆነ ግን ዊንዶውስን አታጥፋው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነውር የለውም፣ አንዳንድ የሊኑክስ ሰዎች እንደ ክህደት ቢያዩትም።

ከዚያ በኋላ ነው ሊኑክስ። ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው፣ የትኛው? ሊኑክስ ሚንት፣ ሲናሞን የሚባለው። ኡቡንቱም ጥሩ ነው፣ ግን ሚንት አቀማመጡ ከዊንዶውስ ስለሚቀርብ እጅህ አይደናገርም። «አርች ጫን» የሚልህን ለጊዜው እለፈው፣ ለጀማሪ የሚከብድ የሊኑክስ ዓይነት ነው። ፍላሽ ላይ አድርገህ ሳትጭን ከፍላሹ አስነሳው፣ ዲስክህን አይነካም። ዋይፋይ ይይዛል? ድምፅ አለ? ፕሪንተሩ ያትማል? ክዳኑን ዘግተህ ስትከፍተው ይነቃል? ይህን የመጨረሻውን ሰው ይረሳዋል፣ እና ከጫነ በኋላ ነው የሚበግነው።

ከዊንዶውስ ጎን ልትጭነው ከሆነ ፋይልህን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር የበራ ከሆነ የማስከፈቻ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈው፣ አለዚያ ዊንዶውስ ሲነሳ ቁጥሩን ይጠይቅህና ቆመህ ትቀራለህ። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውንም አጥፋው። እሱ በርቶ ሳለ ዊንዶውስን ስትዘጋው በትክክል አይዘጋም፣ ከፊሉን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። ስለዚህ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ክፍል ያሳይሃል እንጂ አንዲት ፋይል እንኳ አያስቀምጥልህም። እኔ ዲስኩ ተበላሸ ብዬ ነበር፣ የፋስት ስታርትአፕን ምልክት ማንሳት ብቻ ነበር መፍትሔው። ሰዓቱም ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ ቢዛባ አትደንግጥ፣ ሁለቱ የኮምፒውተሩን ሰዓት የሚያነቡበት መንገድ ስለሚለያይ ነው፣ ሊኑክሱ ላይ በአንድ ትእዛዝ ይስተካከላል።

ጌም አልጠየቅክም፣ ግን ስቲም በሚባለው የጌም መደብር ላይ ያሉት ብዙዎቹ በፕሮቶን፣ የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ይሠራሉ። ቫሎራንትና ፎርትናይት አይሠሩም።

የላፕቶፕህን ሞዴልና ዋይፋይ ካርዱን እዚህ ጻፍልን፣ ማክሮ ያለበት ኤክሴል ካለህም ምን እንደሚሠራ ንገረን፣ ከዚያ ፍላሹን ስለማዘጋጀቱ እናወራለን።