ሥራ ጀምሬ እንቅልፍ አጣሁ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ተመርቀው በቅርቡ ሥራ ከያዙ ወጣቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ሆኜ ከተቀጠርኩ አራት ወር ሆነኝ። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ይጎድልብኛል፣ ከደሞዜም ይቆረጣል እያልኩ ቀኑን ሙሉ ልቤ ይመታል። እሁድ ከሰዓት ሆዴን ይቆርጠኛል። እንቅልፍም የለኝ። ሰነፍ ስለሆንኩ ነው?

መልስ፦ በፍጹም እህቴ። የሰው ገንዘብ ሲቆጥሩ መዋል ማንንም ያስጨንቃል። ሰውነትሽ የሚለውን ስሚው። ማታን አትጠብቂ፤ ምሳ ሰዓት ላይ የያዝሽውን ብር ቆጥረሽ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሪ። የጎደለ ካለ ያኔ ፍለጋው ይቀላል፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ጭንቀትም ይቀንሳል። ከስምንት ሰዓት በኋላ ቡና ተዪ። ይህን አድርገሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቅልፍሽ ካልተመለሰ ሐኪም አማክሪ።

ጥያቄ፦ አለቃዬ በየቀኑ ያስመሸኛል። ሳማርር «ገና ሙከራ ላይ ነሽ» ይለኛል።

መልስ፦ የሙከራ ጊዜ መብትሽን አያሳጣሽም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ክፍያም አለው። ያመሸሽበትን ቀንና ሰዓት ከዛሬ ጀምረሽ በማስታወሻ ያዢ።

ጥያቄ፦ ደሞዜ ከኪራይና ከታክሲ አያልፍም። እናቴ ግን ብዙ ትጠብቃለች።

መልስ፦ እጅህ ላይ የሚገባውን የተጣራ ደሞዝ ቁጭ ብለህ ንገራት። ትንሽም ቢሆን በየወሩ የማይቀር ገንዘብ ቁረጥላት። እናት እውነቱን ካወቀች ትረዳለች። ሰው እንዳይታዘበኝ ብሎ መበደር ግን ይቅርብህ።

ጥያቄ፦ ወራት አለፉ፣ ምንም አያስደስተኝም። ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል። ሐኪም ጋ ብሄድ «አማኑኤል ገባ» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ፍርሃት ስንቱን ቤት አስቀርቶብናል! የምትለው ነገር የድባቴ ምልክት ይመስላል። ድባቴ ደግሞ በምክርና በመድኃኒት የሚታከም ሕመም ነው። አማኑኤልም ቢሆን ብዙዎች በተመላላሽነት ታክመው ወደ ሥራቸው የሚመለሱበት ሆስፒታል ነው። ካልፈለግክ ጳውሎስና ጥቁር አንበሳም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ጸበል ከሄድክ ሂድ፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጥ።

ሥራህ እንዳይነካ ከሰጋህም ሕጉ ይታደግሃል። የሙከራ ጊዜህን ከጨረስክ በሐኪም ማስረጃ የሕመም ፈቃድ ታገኛለህ። የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደሞዝ ጋር ነው፤ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ።

«ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ። ለምታምነው ሰው ዛሬውኑ ንገር። ብቻህን አትደር። አብራችሁ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።