የዓባይን ዳገት ስወጣ ሞተሬ ለምን ጉልበት ያጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደጀን ሲሆን፣ በ150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ጨርቃ ጨርቅ እየጫንኩ ወደ ጎሐ ጽዮን ገበያ እመላለሳለሁ። ሞተሩ ራዲያተር የሌለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ዓይነት ነው። በበጋ ወራት ከዓባይ ድልድይ ተነስቼ ዳገቱን ስያያዘው ከግማሽ መንገድ በኋላ ጉልበቱ እየወረደ ይመጣል፤ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል፤ ነዳጅ ስጨምርለት ደግሞ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ባለፈው ዓመት ቤንዚን እንዲቆጥብልኝ ብዬ ካርቡራተሩን (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ክፍል) አስቀንሼ ነበር። አንድ ወዳጄ «ሲግል ውኃ አፍስስበት» ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ «ሸጠህ ራዲያተር ያለው ግዛ» ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ከሁለቱ ወዳጆችዎ ምክር ይልቅ ትኩረቴን የሳበችው እግረ መንገድዎን ያነሷት የካርቡራተሯ ነገር ናት። ወደ እሷ ከመድረሴ በፊት ግን ሙቀቱ ከየት ተነስቶ በየት በኩል እንደሚወጣ ልግለጽልዎ፤ መንገዱን ካወቁ የት ላይ እንደተዘጋ ራስዎ ይደርሱበታል።

ቤንዚንና አየር በሲሊንደሩ ውስጥ ሲቀጣጠሉ የጋዙ ሙቀት ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰው ፒስተንና የሲሊንደሩ ክዳን የሆነው ቴስታታ የሚሠሩበት አልሙኒየም ግን በ660 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። እንዲህም ሆኖ የማይቀልጠው፣ ቃጠሎው እጅግ አጭር በመሆኑና አልሙኒየሙ የተቀበለውን ሙቀት ሳያከማች ቶሎ ወደ ውጭ ስለሚያሳልፍ ነው። ከቤንዚኑ ኃይል ጎማ ለማሽከርከር የሚውለው ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ብቻ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ገሚሱ በማርሚታው ይወጣል፣ ገሚሱ ደግሞ በሲሊንደሩ ግድግዳ፣ በቴስታታውና በዘይቱ በኩል መውጫ ይፈልጋል።

በእርስዎ ሞተር ላይ የመጨረሻው መውጫ በሲሊንደሩና በቴስታታው ዙሪያ የሚታዩት ስስ ሽንሽኖች ናቸው። አየር የሚነካውን ገጽ ብዙ እጥፍ ስለሚያሰፉት፣ ሲሊንደሩ ልሙጥ ቢሆን ኖሮ ሊያስወግድ ከሚችለው እጅግ የበለጠ ሙቀት ለነፋሱ ያስረክባሉ። ነገር ግን ነፋሱ የሚመጣው ከጉዞው ራሱ ነው። ቢ.ኤም.ደብሊው እ.ኤ.አ. በ1923 ያወጣው አር 32 የተባለ ሞተር ሳይክል ሁለቱን ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ ዘርግቶ ያስቀመጣቸው ሁለቱም እኩል ነፋስ እንዲያገኙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው ቬስፓ ደግሞ ሞተሩ በቆርቆሮ የተሸፈነ በመሆኑ ነፋሱን ከሞተሩ ጋር በሚዞር ማራገቢያ መፍጠር ነበረበት፤ በከተሞቻችን የምናየው ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲኖረውም ዘዴው ይኸው ነው። የእርስዎ ሞተር ሳይክል ግን ማራገቢያ የለውም፤ ካልሄደ አይነፍስበትም።

ዘይቱን ብዙ ሰው ማለስለሻ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ይህ አስተሳሰብ ብዙ ሞተር ያበላሸ ይመስለኛል። ነፋስ ፈጽሞ የማይደርስበትን የፒስተኑን የውስጥ ገጽ የሚያቀዘቅዘው ዘይት ነው። ከታች እየተረጨ ሙቀቱን ይቀበላል፣ ወደ ማጠራቀሚያው ወርዶም በሞተሩ የታች አካል በኩል ለአየር ይሰጠዋል። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1985 ጂ.ኤስ.ኤክስ. አር 750ን ሲያወጣ ቴስታታውን በብዙ ዘይት እያጠበ የሚያቀዘቅዝ ሥርዓት ተጠቅሟል፤ ይህም ዘይት ምን ያህል ሙቀት መሸከም እንደሚችል ያሳያል። በትንሽ ሞተር ሳይክል ውስጥ ያለው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሊትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ 200 ወይም 300 ሚሊ ሊትር ሲጎድል የሚቀረው ዘይት ያንኑ ሙቀት ለመሸከም ቶሎ ቶሎ መመላለስ ይኖርበታል፤ እየጋለና እየቀጠነ ይሄዳል፣ የማለስለስ አቅሙም ይዳከማል። በዚያ ላይ በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ የሚጠቀሙት አንድ ዘይት ነው። ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዘው ሲጎተቱ ሰሌዳዎቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ የሚፈጥሩት ሙቀት በቀጥታ ወደዚያው ዘይት ይገባል።

አሁን ወደ ዳገትዎ እንምጣ። መንገዱ ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ታች ያለው አየር ከደጋው በጣም ይሞቃል። ከዚያ ተነስተው ጭነት ይዘው፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን እየሰጠ ወደ ላይ ሲወጡ የሚፈጠረው ሙቀት ከፍተኛ ነው፤ ፍጥነትዎ ግን ዝቅተኛ ስለሆነ ነፋሱ አነስተኛ ነው። ነፋስ ከኋላ ሲነፍስ ደግሞ ከፍጥነትዎ ላይ ይቀንስብዎታል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄዱ በዚያው ፍጥነት ከኋላ ቢነፍስ ሽንሽኖቹ የቆመ አየር ውስጥ እንዳሉ ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ በዚያ መንገድ የሚወጣ ሞተር ሳይክል ሁሉ የሚገጥመው ነው። የእርስዎን የሚለየው ካርቡራተሩ ነው። ቤንዚን እንዲቆጥብ ተብሎ የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳው ሲጠብ ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለው ቤንዚን ያንሳል። በደጀን ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉድለቱ ብዙም ላይሰማዎት ይችላል፤ ሸለቆው ውስጥ ግን አየሩ ይወፍራል፣ የቤንዚኑ ድርሻም ይበልጥ ይቀንሳል። ሞተር ሲጨነቅ ተርፎ የሚገባው ጥቂት ቤንዚን እየተነነ ቴስታታውንና ፒስተኑን ያቀዘቅዝ ነበር፤ እርስዎ ያስቀነሱት ይህን ነው። «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ድምፅም ከመጠን በላይ በመጋሉ ቤንዚኑ ተራውን ሳይጠብቅ በራሱ ሲፈነዳ የሚሰማ ሊሆን ስለሚችል፣ በሰሙት ቁጥር ወዲያውኑ በእጅዎ የሚሰጡትን ነዳጅ ይቀንሱ። ለማረጋገጥ ከዳገቱ አናት እንደደረሱ ሞተሩን አጥፍተው ያቆዩት፣ ሲቀዘቅዝም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትተው ይዩት። ጫፉ ቡና ዓይነት ከሆነ ቅልቅሉ ደህና ነው፤ አመድ መስሎ ከነጣ ቤንዚን ጎድሎታል፤ ጥቀርሻ ከያዘ በዝቶበታል። ነጥቶ ካገኙት ካርቡራተሩን አምራቹ ወደሠራው መጠን ያስመልሱ። የሚቆጥቡት ቤንዚን የፒስተን ዋጋ አይመልስም።

በዚያው አጋጣሚ ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ሰዓት የቫልቮቹን (ቅልቅሉን የሚያስገቡትና ጭሱን የሚያስወጡት በሮች) ክፍተት ያስለኩ። የጭስ ማውጫው ቫልቭ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያስረክበው በተዘጋባት ቅጽበት ከመቀመጫው ጋር ሲነካካ ነው፤ ክፍተቱ ከጠበበ በደንብ ሳይዘጋ ይቀርና ራሱ መቃጠል ይጀምራል፣ ጉልበትም የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው።

ስለ ውኃው፦ እባክዎ አያድርጉት። አልሙኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት ሁለት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው፤ ሲኮማተርም እንደዚያው። በጋለ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስ ውጭው በድንገት ይኮማተራል፣ ውስጡ ግን እንደጋለ ይቆያል፤ ቴስታታው ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ይልቅ መንገዱ ሰፋ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ አቁመው ያጥፉት፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይረፉ። ካቆሙ በኋላ የሚሰማው «ጢቅ ጢቅ» የሚል ድምፅ ብረቶቹ እየተኮማተሩ ስለሆነ አያሳስብዎ። በሽንሽኖቹ መካከል የደረቀ ጭቃ ካለ ሞተሩ ሲበርድ አጥበው ያውጡት፤ ጭነቱም ከሞተሩ ፊትና ጎን ነፋስ እንዳይከልል አድርገው ይሰሩት። ከመነሳትዎ በፊት ዘይቱን ይለኩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ችግሩ ከቀጠለ ብቻ ስለ መሸጥ ያስቡ።

ጥያቄ፦ የእኔ ሞተር ሳይክል ራዲያተር ያለው 250 ሲሲ ሲሆን የምነዳው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ውኃ ይጎድለዋል፤ እኔም የቧንቧ ውኃ እሞላለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። የቧንቧ ውኃ የያዛቸው ማዕድናት በጠባቦቹ የራዲያተር ቱቦዎች ውስጥ ልክ እንደ ሻይ ማፍያ ነጭ ቅርፊት ይሠራሉ፤ ቅርፊቱ ሙቀት ያግዳል፣ አልሙኒየሙም ይበላል። ለሞተር ሳይክል የተዘጋጀውን የራዲያተር ፈሳሽ ይጠቀሙ፤ ያልተበረዘ ከሆነ ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቅሉ።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የሚጎድለው ወዴት እንደሚሄድ ነው፤ ሥርዓቱ የተዘጋ ስለሆነ በየሁለት ሳምንቱ ሊጎድል አይገባም። መጀመሪያ የምጠረጥረው የራዲያተሩን ክዳን ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የብዙ ሞተር ሳይክሎች ማራገቢያ ደግሞ መሥራት የሚጀምረው 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ በውስጡ ግፊት እያመቀ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ካላደረሰው፣ በከተማችን ከፍታ ፈሳሹ ማራገቢያው ሳይነሳ ይፈላና ተርፎ ይፈሳል። ላስቲኩ ደርቆ ወይም ተሰነጣጥቆ ከሆነ ክዳኑን ይለውጡት፤ ሲግል ግን በምንም ምክንያት አይክፈቱት፣ ግፊቱ ሲለቀቅ ፈሳሹ በቅጽበት ፈልቶ ፊትና እጅ ይልጣል።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ከውኃ ፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ይመልከቱ። በእሷ በኩል ጠብታ ከታየ የፓምፑ ማኅተም አልቋል ማለት ነው። ቀጥለው የዘይት መሙያውን ክፈቱና ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ እንደሆነ ይዩ፤ ከመሰለ ውኃው ወደ ዘይቱ እየገባ ስለሆነ ሞተሩን አያስነሱት፣ ጭነው ወደ መካኒክ ይውሰዱት።