ምሳ ዕቃው ውስጥ ምን አለ? ስለ ታዳጊ ተማሪዎች አመጋገብ ጥያቄና መልስ

ቲቸር፦ ሰላም እንዴት አመሻችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ስለ ልጆቻችን አመጋገብ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፣ የምግብ ሳይንስ ተምሬ አዲስ አበባ ውስጥ 14 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ነኝ። የማወራው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ስላሉት ነው። የሕፃናት ምግብ ሌላ ቀን። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ የተጻፈውን አንብቡ።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ ቲቸር፣ ልጄ ጠዋት ምንም አልበላም ይላል። ገና ምግብ ሲያይ ያቅለሸልሸዋል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ሰልፍ ስላለ ዝም ብሎ ይወጣል። ምን ላድርግ?

ቲቸር፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። እስቲ አብረን እንቁጠር። እራት የበላው ማታ 2 ሰዓት ነው እንበል። ምሳ የሚበላው ቀን 6 ሰዓት ተኩል ነው። በመሃል 16 ሰዓት ተኩል አለ። ለአዋቂም ረጅም ነው፣ ለሚያድግ ልጅ ደግሞ በጣም ረጅም ነው። አንጎል ብቻውን ሰውነት ከሚጠቀመው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ይወስዳል።

ይህን ክፍል ውስጥ በዓይኔ አየው ነበር። አራተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ጭንቅላቱን ዴስክ ላይ የሚያሳርፍ ልጅ አይጠፋም። ብዙ መምህር ሰነፍ ነው ይላል። እኔም እል ነበር። አንድ ቀን አንዱን አስቀርቼ «ጠዋት ምን በላህ?» አልኩት። «ምንም» አለኝ። «ትናንትስ?» «ሻይ።» ከዚያ በኋላ ተኝቶ ያየሁትን ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ሆነ።

ጠዋት የሚያቅለሸልሸው ብዙ ጊዜ እራት መሽቶ ስለሚበላና በጥድፊያ ስለሚነሳ ነው። እራቱን አንድ ሰዓት ቀደም አድርጊለት። ከእንቅልፉ ሩብ ሰዓት ቀድሞ ይነሳ። አሁንም እምቢ ካለ አታስገድጂው፣ ይዞ ይሂድ። የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሙዝ፣ ወይም በትንሽ ጠርሙስ የተበጠበጠ በሶ። የ4 ሰዓት እረፍት ላይ ይበላዋል። ለሁላችሁም የምለው ይህን ነው፦ ቁርስ ሳይበሉ ወይም ሳይዙ አትላኳቸው። ሻይ በዳቦ ብቻውን ቁርስ አይባልም።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ (ሴት)፦ ቲቸር፣ እማዬ ሁሌ ሽሮ ነው የምትቋጥርልኝ። ጓደኞቼ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ኢንዶሚ ነው የሚይዙት። ምሳ ዕቃዬን ስከፍት አፍራለሁ። አንዳንዴ ሳልበላው እመልሰዋለሁ።

ቲቸር፦ የኔ ልጅ፣ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው ብል አልዋሸሁም።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ምሳ ስትበላ የምሳ ዕቃውን ክዳን ግማሽ ከፍታ፣ በግራ እጇ ጋርዳ ነበር የምትበላው። እኔ ሳልፍ ጭራሽ ዘጋችው። ያስነወራት ነገር ምንድን ነው ብዬ ቀረብኩ። የሽሮ ፍርፍር፣ ከዳር ሁለት የተሰነጠቀ ቃሪያ። አጠገቧ ያለችው ልጅ የያዘችው በዘይትና በሽንኩርት ብቻ የተሠራ ነጭ መኮሮኒ ነበር። ከሁለቱ የተሻለ የበላችው ያቺ የምትደብቀው ናት። ማንም ግን አልነገራትም።

ልንገርሽ። ሽሮ አተር ወይም ሽምብራ ነው። ጥራጥሬ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ፕሮቲን ነው። ከእንጀራ ጋር ሲበላ ደግሞ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። ብረት አለው፣ ፎሌት የሚባል ቫይታሚን አለው፣ ቶሎ አያስርብም። የተሰነጠቀው ጥሬ ቃሪያ ቫይታሚን ሲ ስላለው የሽሮውን ብረት ሰውነትሽ እንዲወስደው ያግዛል። እናትሽ ባታውቀውም ሙያ የሚመክረውን ነው የቋጠረችልሽ። ኢንዶሚ የነጭ ዱቄት፣ የዘይትና የጨው ምግብ ነው። አልፎ አልፎ ይበላል፣ ምሳ ግን አይሆንም።

አንድ ነገር ሞክሪ። ጓደኞችሽ ምሳ ዕቃቸውን አንድ ላይ አድርገው የሚበሉ ከሆነ ያንቺንም መሃል አስቀምጪው። ያስተማርኩበት ግቢ ዛፍ ሥር ስድስት ሰባት ሆነው ሲበሉ አይ ነበር። መጀመሪያ የሚያልቀው ፍርፍሩ ነው።

አንድ አባት፦ ፓስታን እንደዚህ ማጣጣል ተገቢ አይመስለኝም። እኛ ፓስታ በልተን ነው ያደግነው።

የሦስት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ ቲቸር ብቻውን አይሁን ነው ያለችው። ችግሩ እንቁላሉ ነው። አንድ እንቁላል ስንት እንደገባ ያውቃሉ? ለሦስት ልጅ በየቀኑ ከየት ይመጣል?

አንድ አባት፦ እሱስ እውነት ነው። ግን ሽሮም ቢሆን በርበሬውና ዘይቱ ሲሰላ ርካሽ አይደለም። በርበሬ እኮ...

የሦስት ልጆች እናት፦ በርበሬውን ተዉት፣ እኔ ከክፍለ ሀገር ነው የማስመጣው።

ቲቸር፦ የበርበሬ ዋጋ ውስጥ አትግቡብኝ። ፓስታ ጥፋት የለበትም። ምስር ወይም ክክ ጨምሩበት፣ ካሮትና ቲማቲም ጨምሩበት፣ ምሳ ይሆናል። እንቁላል ባይኖር ባቄላ አለ። ማታ ዘፍዝፋችሁ አሹቅ ወይም ንፍሮ አድርጉት። አንድ እፍኝ በወረቀት ይቋጠርለት።

አንድ ተሳታፊ፦ ቲቸር፣ ምን እናብላቸው?

ቲቸር፦ ማንን? ስንት ዓመቱ ነው? ምን ይበላል አሁን? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ከላይ አንብቡ።

የ14 ዓመት ወንድ ልጅ አባት፦ ቁመቱ እንዲጨምር ምን ይብላ?

ቲቸር፦ ቁመት በአብዛኛው ከእናትና ከአባት ይወረሳል። በልቶ ጠግቦ፣ ተኝቶ፣ ተጫውቶ ይደግ። ቁመት ይጨምራል ብለው የሚሸጡላችሁን ዱቄት አትግዙ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ ልጄ ሁሌ ይደክማታል። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል። በቅርቡ ደግሞ ጠመኔ ስትበላ አገኘኋት። ተቆጣኋት፣ ግን አልተወችም።

ቲቸር፦ እህቴ፣ አትቆጫት። ነገ ጤና ጣቢያ ውሰጃትና ሄሞግሎቢኗን፣ ማለትም ደም ማነስ እንዳለባት የሚያሳየውን፣ አስመርምሪ። ጠመኔ፣ አፈር፣ በረዶ የሚያሰኘው ሰው ብዙ ጊዜ ብረት ያነሰው ነው። እኔም እንዲህ ያለች ተማሪ ነበረችኝ። ሰሌዳ ልታጠፋ ስትነሳ ከሰሌዳው ጠርዝ ቁራጭ ጠመኔ በመዳፏ ትደብቅ ነበር። ጓደኞቿ ይስቁባት ነበር። ስትመረመር ደም ማነስ ነበር።

ሴት ልጅ የወር አበባ ከጀመረች በኋላ በየወሩ ብረት ታጣለች። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ሴት በቀን 15 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ያስፈልጋታል፣ በእሷ ዕድሜ ላለ ወንድ 11 ይበቃል። በየቤቱ ግን የማየው የተገላቢጦሽ ነው። ሥጋ ሲገኝ ትልቁ ድርሻ ለወንዱ ነው። ይህን አስተካክሉ።

ሁለተኛው ሻይ ነው። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ በእህሉና በአትክልቱ ውስጥ ያለውን ብረት ይይዙታል፣ ሰውነት ብዙም አያገኘውም። ሻይ ከምግብ አንድ ሰዓት ይራቅ። በእሱ ቦታ ውሃ፣ ከተገኘም ብርቱካን ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ። ክኒን ግን ሳትመረመር በራሳችሁ አትስጧት።

አንድ ተሳታፊ፦ ቲቸር፣ ጤፍ እኮ ብረት በብረት ነው ይባላል። ጤፍ እየበላን ደም ማነስ ከየት መጣ?

ቲቸር፦ ይህን ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ጤፍ ብረት አለው። ነገር ግን እህሉ አውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር ጋር ይነካካል። ሲለካ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ የአፈሩ ነው፣ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። የእህሉም ቢሆን ፋይቴት የሚባል ነገር አስሮ ይይዘዋል። እዚህ ላይ የእናቶቻችን እርሾ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። አሁን አሁን በችኮላ በአንድ ሌሊት የሚጋገረው እንጀራ ይህን ያጎድላል። ደህና በቦካው እንጀራ ላይም ሻይ ከደፋችሁበት ጥቅሙን ትቀንሱታላችሁ። ሻይ ከምግብ አንድ ሰዓት ይራቅ ብያለሁ።

አንዲት እናት፦ ልጄ ዐቢይ ጾምን ይጾማል። እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ይማራል። አይጎዳውም?

አንድ ወንድም፦ እኛ በልጅነታችን ጾመን ምን ሆንን? ልጁን አታስፈቺው።

ሌላ ተሳታፊ፦ የእኛ ጊዜና የአሁኑ አንድ አይደለም። ልጆቹ ከባድ ፈተና አለባቸው። ደግሞ ዓሣ ቢበላ ምን አለበት?

አንድ ወንድም፦ ዓሣ በጾም አይበላም!

ሌላ ተሳታፊ፦ ማነው ያለው? የሚበሉ ብዙ አሉ።

ቲቸር፦ በዚህ እንዳትጣሉብኝ። ስንት ሰዓት ድረስ ይጹም የሚለውን ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋገሩ፣ የእኔ ቦታ አይደለም። የእኔ ቦታ ማዕዱ ነው። 55 ቀን ድንችና ዳቦ ብቻ ከሆነ ይጎዳዋል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ኦቾሎኒ ካለበት ግን የጾም ምግባችን ሀብታም ነው። ከእንስሳት ምግብ ውጭ የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ነው፣ ስለዚህ በፍስክ ወቅት እንቁላልና ወተት አይጉደልበት። በረመዳን ለሚጾሙም ያው ነው። ሱሁርን ሳይበሉ አትላኳቸው።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ (ወንድ)፦ ቲቸር፣ እኔ ምሳ አልቋጥርም። ብር ይሰጡኛል። በር ላይ እርጥብ ወይም ሁለት ሳምቡሳ እበላለሁ፣ በላዩ ለስላሳ። ጠግቤ ነው የምውለው።

ቲቸር፦ መጥገብህን አምናለሁ። እርጥብ ዳቦና ድንች ነው፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ ጉልበት ሰጪ ምግብ ናቸው። የምስር ሳምቡሳ ይሻላል፣ ግን ዘይቱን እየው። ድስቱ ውስጥ ከጠቆረ፣ ከወፈረና ካጨሰ እለፈው። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ይኸውም ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው። ሻይህ ውስጥ ስምንት ማንኪያ ቢጨምሩብህ ትጠጣዋለህ? የለስላሳውን ብር ሙዝ ግዛበት።

ለወላጆችም አንድ ነገር ልበል። የከተማችን የተማሪዎች ምገባ የሚያተኩረው በቅድመ አንደኛና በአንደኛ ደረጃ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሲበላ ያደገ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ያ ማዕድ ይቀርበታል። ያውም በጣም በሚያድግበት ዕድሜ። ከአጥንታችን ጥንካሬ ወደ 90 በመቶው የሚገነባው እስከ 18 ዓመት ገደማ ነው። ብር ሰጥታችሁ ከመላክ ቋጥራችሁ ላኩ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ለፈተና ሌሊት እናነባለን። ኢነርጂ መጠጣት ችግር አለው?

ቲቸር፦ አለው። በአንድ ባለ 250 ሚሊ ሊትር ጣሳ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 80 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን አለ፣ ስኳሩ ሳይቆጠር። ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ያነበባችሁት ጭንቅላታችሁ ውስጥ የሚቀመጠው ደግሞ ስትተኙ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የምትፈተኑ ቆሎና ኦቾሎኒ ያዙ፣ በፈተና ጠዋት ቁርስ አትዝለሉ።

ሌላ ተማሪ፦ ጫትስ?

ቲቸር፦ አይሆንም። ቀጣይ።

አንድ ተሳታፊ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ልጄ ቁርስ አይበላም፣ ምን ላድርግ?

ቲቸር፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነበር። በሰፊው መልሻለሁ፣ ወደ ላይ ሄደው ያንብቡ።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ፦ ክብደት ለመቀነስ ምሳ ባልበላስ?

ቲቸር፦ ተዪው፣ የኔ ልጅ። በዚህ ዕድሜ ሰውነት ቅርጹን ይለውጣል፣ ጤነኛ ነገር ነው። ለብቻሽ ጻፊልኝ፣ በደንብ እናወራለን።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እናት፦ እዚህ አሜሪካም ያው ነው። ልጄ እንጀራ ይዤ አልሄድም፣ ይሸታል ይሉኛል አለኝ። ካፍቴሪያ ፒዛ ነው የሚበላው።

ቲቸር፦ አየሽ፣ ያቺ ክዳን የምትጋርደው ልጅ እዚያም አለች። አታስገድጂው። ምሳውን እዚያው ይብላ፣ ሽሮውን ማታ አብራችሁ ብሉ። ቅዳሜ ጓደኞቹን ቤት ጥሪያቸውና ከትሪው ያጉርሳቸው።

አንድ አባት፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ሩዝ ስቋጥርለት ምሳ ሰዓት ላይ ተበላሽቶ ያገኘዋል። ለምን?

ቲቸር፦ በትኩሱ ስለሚከድኑት ነው። ሩዝ ውስጥ በመቀቀል የማይሞት ባክቴሪያ አለ። ለብ ብሎ ታሽጎ አምስት ስድስት ሰዓት ሲቆይ ይራባል። አንዳንዴም ሳይሸት ሆድ ያሳምማል። ጠዋት ይቀቅሉት፣ ሰፋ ባለ ሳህን ዘርግተው በፍጥነት ያቀዝቅዙት፣ ከዚያ ይክደኑት። የከረመ ሩዝ አሙቀው አይላኩለት። እዚያም ቢሆን ከቦርሳው አውጥቶ ጥላ ቦታ ያስቀምጠው። ነገ ግን ሽሮ ይሞክሩ፣ ቃሪያውን አይርሱ።