ሻምፒዮን ሆኖ የማያድግ፣ መጨረሻ ወጥቶ የማይወርድ፦ የጃፓን ዝቅተኛ ሊጎች

በዚህ እትም ስለ ጃፓን ዝቅተኛ የእግር ኳስ ሊጎች ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ እንሰጣለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጊራቫንዝ ኪታኪዩሹ በ2023 በጄ3 ሊግ 20ኛና የመጨረሻ ሆኖ ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት ግን እዚያው ሊግ ውስጥ ሲጫወት አየሁት። ምሕረት ተደርጎለት ነው?

መልስ፦ ምሕረት አይደለም፤ የሚተካው ክለብ ስላልተገኘ ነው። በጃፓን ጄ1፣ ጄ2 እና ጄ3 የባለሙያ ሊጎች ናቸው። ከ2024 ጀምሮ እያንዳንዳቸው 20 ክለብ ይዘዋል። ከእነርሱ በታች አራተኛው እርከን የጃፓን እግር ኳስ ሊግ፣ በአጭሩ ጄ.ኤፍ.ኤል ይባላል። 16 ክለቦች በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጭ እየተገናኙ 30 ጨዋታ ያደርጋሉ።

ከ2023 ወዲህ ደንቡ ሲነበብ ቀላል ነው። የጄ.ኤፍ.ኤል ሻምፒዮን በቀጥታ ያድጋል፣ የጄ3 20ኛ ይወርዳል። የጄ.ኤፍ.ኤል 2ኛ ደግሞ ከጄ3 19ኛ ጋር በደረሶ መልስ ይለያል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የሚያድገው ክለብ የጄ3 ፈቃድ ካለው ብቻ ነው። 1ኛም 2ኛም ፈቃድ ከሌላቸው ዕድሉ ለ3ኛው አይተላለፍም፤ የሚወጣም የሚወርድም አይኖርም። በ2023 የሆነው ይኸው ነው፤ ሻምፒዮኑ የሐማማትሱ ከተማው ሆንዳ ኤፍሲ ፈቃድ አልነበረውም፣ 2ኛውም እንዲሁ።

በማግሥቱ ዓመት ነገሩ ተገለበጠ። ሻምፒዮኑ ቶቺጊ ሲቲ ፈቃድ ስለነበረው በቀጥታ አደገ፤ 2ኛው ኮቺ ዩናይትድም ዋይ.ኤስ.ሲ.ሲ. ዮኮሐማን በደረሶ መልስ ጥሎ ገባ። ኢዋቴ ግሩላ ሞሪዮካና ዋይ.ኤስ.ሲ.ሲ. ጄ3 በ2014 ከተመሠረተ ወዲህ ወደ ጄ.ኤፍ.ኤል የወረዱ የመጀመሪያዎቹ ክለቦች ሆኑ።

ፈቃዱ ምን ይጠይቃል? ክለቡ ዋና ሥራው እግር ኳስ የሆነ ራሱን የቻለ ድርጅት መሆን አለበት። ሒሳቡ ይመረመራል። በመሠረቱ 5,000 ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ይፈለጋል፤ የከተማው አስተዳደርም ከጎኑ መቆም አለበት። ሆንዳ ኤፍሲን የሚያስቀረው የመጀመሪያው ነጥብ ነው፤ የመኪና አምራቹ የሆንዳ ኩባንያ ቡድን ነው፣ የሦስቱ የባለሙያ ሊጎች አስተዳዳሪ ጄ ሊግ ደግሞ የኩባንያ ስም የለጠፈ ክለብ አይቀበልም። ከ2016 እስከ 2019 በተከታታይ አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖ ከቦታው ያልተነቃነቀውም ለዚህ ነው። ደጋፊዎች «በር ጠባቂው» ይሉታል፤ ማደግ የሚመኝ ሁሉ እርሱን አልፎ መሄድ አለበትና። ደካማ እንዳይመስልዎ፦ በ2019 የንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫ የጄ1ውን ኡራዋ ሬድስን ሳይቀር አሸንፎ ሩብ ፍጻሜ ደርሷል።

ጥያቄ፦ አዲስ ክለብ ከሥር ተነሥቶ ጄ.ኤፍ.ኤል ለመግባት በየት በየት ያልፋል?

መልስ፦ መነሻው የክፍለ ሀገር ሊግ ነው። 47ቱም ክፍላተ ሀገር የየራሳቸው ሊግ አላቸው፤ አዲስ ክለብም ብዙውን ጊዜ ከዚያ የመጨረሻው እርከን ይጀምራል። ከዚያ በላይ ዘጠኝ የክልል ሊጎች አሉ፦ ሆካይዶ፣ ቶሆኩ፣ ካንቶ፣ ሆኩሺንኤትሱ፣ ቶካይ፣ ካንሳይ፣ ቹጎኩ፣ ሺኮኩ እና ኪዩሹ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የክልል ሊግ ማሸነፍ ብቻውን አያሳድግም። ዘጠኙ ሻምፒዮኖችና ሦስት ተጨማሪ ክለቦች፣ በድምሩ 12፣ በኅዳር ገደማ ለክልሎች ሻምፒዮንስ ሊግ ይሰበሰባሉ። በሦስት ምድብ አራት አራት ሆነው በሦስት ተከታታይ ቀናት ሦስት ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ያለ ዕረፍት። የየምድቡ 1ኛና ከ2ኛዎቹ የተሻለው አንድ ክለብ ለጄ.ኤፍ.ኤል ቦታ ወደሚፋለሙበት የፍጻሜ ዙር ያልፋሉ። በዚያ ዙር ከ2016 ጀምሮ በጨዋታዎቹ መካከል የአንድ ቀን ዕረፍት አለ።

ዓመቱን ሙሉ ሳይሸነፍ የመጣ ክለብ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ተንኮታኩቶ ሲመለስ ማየት የተለመደ ነው። ዋናው ምክንያት የተጫዋች ስፋት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ለመጫወት 11 ጥሩ ተጫዋች ይበቃል፤ ለዚህ ግን 11ዱን የሚተካከሉ ተቀያሪዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያውን ቀን ለማሸነፍ ሁሉን አሟጦ የሚያሰልፍ አሠልጣኝ እሑድ ይከፍላል። ፍትሐዊ ነው ብለን አናምንም፤ ግን ከተሞክሮው የተማረ ክለብ ከግንቦት ጀምሮ ለኅዳር ይዘጋጃል።

ወደዚህ የክልሎች ውድድር ሌላም መግቢያ አለ። በየዓመቱ 32 ክለቦች የሚሳተፉበት የአዋቂዎች ጥሎ ማለፍ ውድድር ይካሄዳል። ለረጅም ዓመታት ለዋንጫ የደረሰ ክለብ 80፣ 80 ደቂቃ የሚፈጁ አምስት ጨዋታዎችን በአምስት ቀን ያደርግ ነበር። ከላይ የጠቀስናቸው ሦስት ተጨማሪ ቦታዎች በዋናነት የሚሞሉት ከዚህ ነው። ማትሱሞቶ ያማጋ በ2009 በሆኩሺንኤትሱ ሊግ 4ኛ ብቻ ነበር፤ ይህን ዋንጫ ወስዶ በዚያው ትኬት የክልሎቹን ውድድርም አሸነፈ። በ2010 ጄ.ኤፍ.ኤል፣ በ2012 ጄ2፣ በ2015 ጄ1 ገባ።

ጥያቄ፦ በጄ.ኤፍ.ኤል የሚጫወቱት ደመወዝተኞች ናቸው?

መልስ፦ ድብልቅ ነው። የኩባንያ ቡድን ተጫዋቾች ብዙዎቹ የኩባንያው ሠራተኞች ናቸው፤ ከፊሉን ቀን ይሠራሉ፣ ከዚያ ልምምድ ያደርጋሉ። ለማደግ የሚሯሯጡት ክለቦች ደግሞ የባለሙያ ውል ይሰጣሉ። አንጋፋው የጃፓን አጥቂ ካዙዮሺ ሚዩራ በ2022፣ በ55 ዓመቱ፣ ለሱዙካ ፖይንት ጌተርስ የተጫወተው በዚህ ሊግ ነው። የኩባንያ ቡድን አደጋው ሳይወርድ መጥፋቱ ነው። የዕቃ አመላላሹ ኩባንያ ቡድን ሳጋዋ ሺጋ በ2007፣ በ2009 እና በ2011 ሻምፒዮን ሆኖ በ2012 መጨረሻ ተዘጋ። ሶኒ ሰንዳይም በ2024 መጨረሻ ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው።

ጥያቄ፦ ትልልቅ ክለቦች ሁለተኛ ቡድናቸውን ማስገባት ይችላሉ?

መልስ፦ ከ2016 ጀምሮ ጋምባ ኦሳካ፣ ሴሬዞ ኦሳካ እና ኤፍሲ ቶኪዮ ከ23 ዓመት በታች ቡድኖቻቸውን በጄ3 አሰልፈው ነበር፤ ማደግ ግን አይፈቀድላቸውም ነበር። ቶኪዮ በ2019፣ ሁለቱ ኦሳካዎች በ2020 አቆሙ።