የክርስትና እናትን ምን ብሎ መጥራት ይሻላል
እህቴ፣ «ልጄ የክርስትና እናቷን በስሟ ብቻ ብትጠራት ነውር ነው ወይ» ላልሽው፣ እኔ ባይሆን ይሻላል ባይ ነኝ። እኛ ጎንደር «የክርስትና እናቴ» የሚባለው ለሌላ ሰው ሲወራ ነው እንጂ ፊት ለፊት ሲጠሯት እንደየቤቱ ነው፣ ትልቅ ሴት ከሆነች እማማ ወይ እምዬ፣ ወጣት ከሆነች እትዬ፣ ወንዱን ደሞ አባባ ወይ ጋሼ ይሉታል። አሁን አሁን አንቲ የሚሉም በዝተዋል፣ እውነቱን ለመናገር እኔ አልወደውም፣ ለማንም የሚባል ነገር ስለሆነ። በ80 ቀኗ ክርስትና ያነሳቻት እኮ ዘመድ ሆናለች፣ የእሷና የአንቺ ልጆች እንኳን አይጋቡም፣ አንቺና እሷም አበልጅ ናችሁ፣ እናንተ አበልጄ ስትባባሉ ልጅቷ ሰምታ ክብሩን ራሷ ትለምደዋለች። ግሪኮችም ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እነሱ ሴቷን ኖና ወንዱን ኖኖስ ይላሉ፣ ስፓኒሽ የሚናገሩት ደሞ ልጁ ማድሪና ፓድሪኖ ይላል፣ ወላጆቹ ግን ልክ እንደኛ አበልጅ የራሳቸው መጠሪያ አላቸው፣ ኮማድሬ ኮምፓድሬ ይባባላሉ። ለማንኛውም የክርስትና እናቷን ራሷን ጠይቂያት፣ እማማ መባል እድሜ የሚጨምርባት የሚመስላት ሴት አለች፣ እንደዛ ከሆነች እትዬ በቂ ነው።