አንዷ ደብዳቤ ግን ድ.ጽ. የላትም

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

እንደምን ከረሙ? እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። የምጠይቅዎ ስለ አንድ ቃል ነው።

ታላቅ ወንድሜ ጅዳ ሲሄድ እኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናታችን ማንበብና መጻፍ አትችልም። ስለዚህ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የሚጻፈው ቡና ተፈልቶ ነው። መግቢያውን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ካንተ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነን።» ከዚያ የጎረቤት ሰላምታ ይከተላል። አንድ ገጽ በሰላምታ ብቻ ያልቃል። መጨረሻ ላይ «እናትህ» ብዬ እጽፍና አውራ ጣቷን በእስክሪብቶ ቀለም እቀባላታለሁ። እሷ ታሳርፍበታለች።

ያኔ በረካው ይቀዳል። እሷም «ቆይማ፣ አንድ ነገር ረሳሁ» ትላለች። ሁልጊዜ! አስተማሪያችን ከፊርማ በኋላ የሚጨመር ነገር ላይ «ድ.ጽ.» በሉ ብለውን ስለነበር እንደዚያ እያልኩ እጨምርላታለሁ።

እናታችን ወደ አኼራ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆናት። ወንድሜ ዘንድሮ መጣ። ደብዳቤዎቹን ሁሉ በሐላዋ ቆርቆሮ አስቀምጧቸው ኖሯል። 37 ናቸው። ማታ ማታ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን እናነባቸዋለን። «ድ.ጽ. የላሚቱን ነገር አትጠይቀኝ፣ ሸጫታለሁ።» «ድ.ጽ. ያስቸገረኝን ጥርስ አስነቀልኩት።» «ድ.ጽ. ብሩ ይቅር፣ አንተው ና።» ልጄ «እማ፣ ድ.ጽ. ድረ ገጽ ማለት ነው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ትርጉሙንና ከየት እንደመጣ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ፣ ከደሴ

ድ.ጽ. ከ37ቱ አንዷ ላይ ድ.ጽ. የለም። የጥር 1993ቷ ናት። ያን ቀን ሠርግ ቤት ልሄድ ቸኩዬ ነበር። ፖስታውን በምራቄ አሽጌዋለሁ። እማ «ቆይማ» አለች። «ታሽጓል እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። «ይሁን፣ ይቅር» አለች። ምን ልትል እንደነበር አልጠየቅኋትም። ወንድሜ ያችን ደብዳቤ ይዞ «በዚህች ጊዜ ተቀይማኝ ነበር እንዴ?» አለኝ። «ወረቀት አልቆ ይሆናል» አልኩት። ከአውራ ጣቷ በታች ግን ግማሽ ገጽ ባዶ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የምሸኘው እኔ ነኝ። ልንገረው ወይስ ልተወው?

መልስ

እህቴ፣ እንደምን አለሽ? ለእናትሽ አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው።

መጀመሪያ ለልጅሽ ልመልስላት። ድረ ገጽ ሌላ ነው። እሱ የመጣው «ድር» ከሚለው ቃል ነው፤ የሸረሪት ድር እንደምንለው። ብዙ ሰው «ድኅረ ገጽ» እያለ ስለሚጽፈው ነው የተምታታው፤ አይፈረድባትም። ድ.ጽ. «ድኅረ ጽሑፍ» ሲያጥር ነው። «ድኅረ» ግዕዝ ነው፤ በኋላ ማለት ነው። ድኅረ ምረቃ፣ ድኅረ ወሊድ የምንለው እሱው ነው። የመጽሐፍ ማብቂያ ላይ የሚመጣው ድኅረ ቃልም እንዲሁ። ፈረንጆቹ ደብዳቤ ግርጌ ላይ «ፒ.ኤስ.» የሚሉት ደግሞ ከላቲን የመጣ ነው፤ «ፖስት ስክሪፕቱም»። «ፖስት» በኋላ፣ «ስክሪፕቱም» የተጻፈ። ከእኛው ቃል ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል። ሁለተኛ ነገር ትዝ ካላቸው «ፒ.ፒ.ኤስ.» ብለው እንደገና ይጨምራሉ።

ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው። በቀለም የተጻፈ ደብዳቤ መሃሉ ላይ ነገር አይገባበትም። ወይ ሙሉውን እንደገና መገልበጥ ነው፣ ወይ ከታች መጨመር። ከፊርማ በታች ድንገት የተጻፈ ነገር ደግሞ የማን እንደሆነ ሊያሻማ ይችላል። ስለዚህ ምልክት ተደረገለት። ዛሬ በስልክ ስንጽፍ ወደ ላይ ተመልሰን የረሳነውን እንሰካለን፤ የተረሳ እንደነበር እንኳ አይታወቅም። ይኼ ያሳዝነኛል፤ የ«ቆይማ» ምልክቱ ጠፋ ማለት ነው።

እናትሽ ግን ፊደል ሳይቆጥሩ ነገሩን ከቃሉ በፊት ያውቁት ነበር። ሰኞ ገበያ ድንች ስትገዢ ምን ትያለሽ? ሚዛኑ ሞልቶ፣ ሒሳቡ ተከፍሎ፣ ዘንቢልሽን ልታነሺ ስትይ «መርቂልኝ» ትያለሽ። ሻጯም ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል ታደርግልሻለች። ምርቃት ይባላል። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ፣ እኛ «አሚን» የምንልበትም ምርቃት ነው። ትርፍ ድንቹና ዱዓው በአንድ ቃል ተጠሩ። ሁለቱም የሚመጡት ዋናው ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሁለቱንም ማንም በግድ አያስከፍልም።

ቡናውም እንደዚያው ነው። አቦሉ ለሱስ ነው፣ ቶናው ለወሬ። በረካ ግን ስሙ ራሱ በረከት ነው፤ ከዐረብኛው «በረካ» የመጣ። በረካ ሳይጠጣ የተነሳ እንግዳ ባለቤቶቹን ቅር ያሰኛል። በክርስቲያኑም ቤት ብትሄጂ ጸሎት ሲያበቃ ማሳረጊያ አለው። «ዐረገ» ወደ ላይ ወጣ ነውና፣ ማሳረጊያ ማለት የጸለዩትን ሁሉ ወደ ላይ መስደጃው ነው። የብራና ጸሐፊዎችም መጽሐፉን ገልብጠው ሲጨርሱ ከግርጌው አንድ ልመና ያክሉ ነበር። የጻፈውን፣ ያጻፈውን፣ ያነበበውን፣ የተረጎመውን፣ ቃሉን የሰማውን ሁሉ አንድ ላይ ይማር ይላሉ። የጸሐፊው የራሱ ድምፅ የሚሰማው ብዙ ጊዜ እዚያች ላይ ነው፤ ከላይ ያለው ሁሉ የተገለበጠ ነው።

የእናትሽን ደብዳቤም እንደዚያ ነው የማየው። ሰላምታው ወግ ነው፤ ማንኛዋም እናት ትለዋለች። ላሟ፣ ጥርሱ፣ «አንተው ና» የሚለው ግን የእሳቸው ነው። ወንድምሽ ባሕር ማዶ ሆኖ መጀመሪያ የሚፈልገው የትኛውን መስመር እንደነበር አንቺም የምታጪው አይመስለኝም።

አንቺም የእናትሽ ልጅ ነሽ። የቃሉን ትርጉም ከላይ ጠየቅሽኝ፣ ያስጨነቀሽን ከታች ጻፍሽው።

ንገሪው። ግማሽ ገጽ ባዶ እያየ ወረቀት አለቀ የሚለውን አላመነሽም። ተቀይማኝ ነበር እንዴ ብሎ የጠየቀሽ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይህን ጥያቄ ጅዳ ይዞት ኖሯል ማለት ነው። አንቺ የምታውቂው ነገር ደግሞ ለእሱ ትልቅ ነው። እናታችሁ አልተቀየሙም። «ቆይማ» ብለው ነበር። እሱ ግን ይህን እስከ ዛሬ አያውቅም።

ትንሽ ልጅ፣ ሠርግ ቤት እየጠበቃት፣ ፖስታ አሽጋ ብትጮህ ኃጢአቷ ያን ያህል አይደለም። አሁን ዝም ብለሽ ብትሸኚው ግን ያኛው ይከብዳል።

አንድ ነገር አደራ። ምን ሊሉ እንደነበር ግምት አትፍጠሪለት። «ናፍቀኸኛል ልትል ነበር የፈለገችው» ምናምን አትበይው። ልብሽን ደስ ቢያሰኝሽም የእሳቸው ቃል አይደለም። ባዶው ቦታ ባዶ ይቆይ።

ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ መኪና ውስጥም አትንገሪው። ተሰናባች ሰው ልቡ ሻንጣው ላይ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ቡና አፍዪ፤ ልጅሽም ትቀመጥ። በረካው ሲቀዳ ያችን ደብዳቤ ከቆርቆሮው አውጪ። አውራ ጣታቸው ያረፈበትን አሳዪውና «ከዚህች በታች እማ ልትጨምር ነበር፣ አልጽፍም ያልኳት እኔ ነኝ» በዪው።